በግንፍሌና በቀበና ወንዞች ዳር ስለ ቤት ባለቤትነት፤ ከመኳንንት ሰፈር እስከ ጋራ ሕንፃ

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በመጀመሪያ የግንፍሌን፣ ጥቂት አለፍ ብሎም የቀበናን ድልድይ ይሻገራል። ሁለቱም ወንዞች ከእንጦጦ በኩል የሚወርዱ ሲሆኑ በክረምት ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል፤ በበጋ ግን ውኃቸው አንሶና ጠቁሮ በድንጋይ መካከል ይሽሎከለካል። በግራና በቀኝ ባሕር ዛፍና ጽድ፣ ወደ ምሥራቅ ከፍ ሲሉም በቀድሞ ዘመን ለውጭ አገር ለጋሲዮኖች የተሰጡት ሰፋፊ የዛፍ ግቢዎች ይታያሉ። በዚሁ ልምላሜ መካከል ነው እንግዲህ የከተማው ሕዝብ «ኮንዶሚኒየም» እያለ የሚጠራቸው የጋራ ሕንፃዎች የቆሙት። በየሰገነታቸው ልብስ ተሰጥቶ፣ በየጣራቸው የቴሌቪዥን ሳሕን ተተክሎ፣ በየደረጃቸው ሕፃናት ሲሯሯጡ የሚያይ ሰው ቤቶቹን የእገሌ ናቸው ብሎ ለመናገር ይቸገራል።

ይህ ጽሑፍ የተነሣውም ከዚሁ ችግር ነው። በእነዚህ ወንዞች ዳር ቤት የማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ካርታውን የያዘው አንድ፣ በቤቱ የሚያድረው ሌላ፣ የመሬቱ ባለቤት ሦስተኛ፣ ደረጃውን የሚጠርገው ደግሞ አራተኛ ሆኖ ሲገኝ የታሪክ ተማሪ ቆም ብሎ ወደ ኋላ መመልከት ይገባዋል። እኛም ወደ ኋላ ስንመለከት ያገኘነው ነገር ቢኖር፣ በዚህ ሥፍራ የቤት ባለቤትነት ከከተማይቱ መቆርቆር ጀምሮ ሙሉ ሆኖ በአንድ ሰው እጅ የዋለበት ዘመን እጅግ ጥቂት መሆኑን ነው። የጋራ ሕንፃ አዲስ ያደረገው ነገር ባለቤትነትን መከፋፈሉ ሳይሆን፣ ክፍፍሉን በሕግና በጽሑፍ ማስፈሩ ነው። የተጻፈው ክፍፍል ካልተጻፈው የተሻለ ሆኗል ወይስ አልሆነም የሚለውን ወደ ፊት እንመረምራለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «የጋራ ባለቤትነት» ሲባል በየአገሩ የሚያመለክተው ነገር ይለያያል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. ከወጣው የቤቶች ሕግ ወዲህ የተስፋፋው ዓይነት፣ ገዢው የቤቱን ሩብ ወይም ግማሽ ገዝቶ ለቀረው ክፍል ለቤቶች ማኅበር ኪራይ የሚከፍልበት ነው። እዚያ የሚከፈለው የአንዱ ቤት ድርሻ ነው። በእኛ አገር ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክፍል ለብቻው ይዞ፣ ደረጃውንና ጣራውን፣ ግቢውንና አጥሩን ከጎረቤቱ ጋር በአንድነት ይይዛል። ሁለቱን ማደባለቅ ወደ ስሕተት ይመራል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱ ከፍልውኃ አጠገብ ያሠሩት ቤት መነሻ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ከእንጦጦ ብርድ ወደ ታች የወረዱት መኳንንት ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ መሬት እየተመሩ በየኮረብታው ራስ ላይ ሰፈሩ፤ ጭፍራቸውና አሽከራቸው፣ ቤተ ሰባቸውና አንጥረኛቸው በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች እስከ ዛሬ የሚመሰክሩት ይህንኑ አሠፋፈር ነው። ከተማይቱን የሚቆራርጧት ወንዞች በሰፈርና በሰፈር መካከል ወሰን ሆኑ። ስለዚህም ኮረብታው የጌታው፣ ተዳፋቱ የአሽከሩ፣ የወንዙ አፋፍ ግን የማንም ሳይሆን ቀረ። ሴቶች ልብስ ያጥቡበት፣ ከብት ይጠጣበት፣ ከገጠር የመጣ መጻተኛም ሌላ ማረፊያ ሲያጣ ይጠጋበት ነበር። ይህ የወንዝ ዳር ባለቤት አልባነት በኋላ ለሚመጣው ነገር ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን።

በዚያ ዘመን ጎጆውን የሠራው አሽከር የጎጆው ባለቤት ነበር ለማለት ይቻላል፤ ጭቃውን ያቦካው፣ እንጨቱን የተሸከመው እርሱ ነውና። መሬቱ ግን የጌታው ነበር፤ ጌታውም ያገኘው ከንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በፈቀዱ ጊዜ ሊያነሡት ይችሉ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ስለ አዲስ አበባ መሬት ያወጡት ደንብ፣ መሬት የተመራ ሰው በስሙ እንዲያስመዘግብ፣ እንዲሸጥና እንዲያወርስ ስለ ፈቀደ የጌታው መብት ጸና። የአሽከሩ መብት ግን እንደ ቀድሞው በጌታው መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ስለ ዛፎቹም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የእንጦጦና የአካባቢው ጫካ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ባለቀ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ታስቦ እንደ ነበር ይታወቃል። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ዛሬ ለግንፍሌና ለቀበና ጥላ የሆነው ዛፍ አብዛኛው የተፈጥሮ ደን ሳይሆን የሰው እጅ የተከለው፣ በጊዜውም የገንዘብ ምንጭ የነበረ ዛፍ ነው። ይህንን የምንለው በወንዝ ዳር ያለ ዛፍ ሁሉ ባለቤት እንደ ነበረው ለማስታወስ ነው፤ የጋራ ሕንፃው ግቢ ዛፍ ግን እንደዚያ አይደለም።

ከዚያ እስከ አብዮቱ ድረስ ያለውን ዘመን ባጭሩ እናልፈዋለን። የከተማው የግል መሬት አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር። የከተማው ነዋሪ አብዛኛው ተከራይ ነበር፤ አንዳንዱ የጭቃ ቤት ይከራያል፣ አንዳንዱም ቦታውን ተከራይቶ ቤቱን በራሱ ገንዘብ ይሠራል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ግድግዳው የአንዱ፣ ግድግዳው የቆመበት አፈር የሌላው ሆኖ፣ ባለርስቱ ቦታውን ሲፈልገው ባለግድግዳው ቆርቆሮውን ነቅሎ ይሄድ ነበርና።

የሚያስገርመው ግን ከጋራ ሕንፃው በፊት ሕጉ መምጣቱ ነው። ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጋራ ባለሀብትነት በሚናገርበት ክፍል፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ልዩ ልዩ ፎቆችና ክፍሎች የልዩ ልዩ ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ደንግጎ፣ የጋራ የሆነውን ነገር እንዴት እንደሚያስተዳድሩ በዝርዝር ይናገራል። በዚያን ጊዜ ይህን ሕግ የሚፈልግ ቤት በአዲስ አበባ እምብዛም አልነበረም። በከተማው መካከል የተሠሩት ባለፎቅ ሕንፃዎች በአንድ ባለጸጋ ወይም በአንድ ድርጅት ስም ሆነው ለተከራይ የሚሰጡ ነበሩ። ሕጉ ቤቱን አርባ ዓመት ጠበቀው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ገለበጠው። የከተማ ቦታ ሁሉ ያለ ካሣ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ትርፍ ቤቱ ሁሉ ተወረሰ። ቤት ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ዝቅተኛው ኪራይ እንዲቀነስ ተደረገ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ ማኅበር፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በግንፍሌና በቀበና ተዳፋት ላይ የነበሩት የጭቃ ቤቶች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ «የቀበሌ ቤት» ተባሉ።

ይህን አዋጅ አንዳንዶች የፍትሕ ሥራ ነው ብለው ሲያመሰግኑት፣ አንዳንዶች ደግሞ የከተማውን ቤት ያበላሸ ነው ብለው ያወግዙታል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም እውነት አላቸው። አዋጁ በእርግጥ በአንድ ሌሊት ከባለርስቱ ፍርሃት ነጻ ያወጣው ሕዝብ ነበር። ኪራዩ ጥቂት ብር ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሳይጨምር ስለ ቆየ፣ የድኻ ቤተ ሰብ ልጆቹን አሳድጎ ለማስተማር የቻለው በዚሁ ነው። ነገር ግን ያው ጥቂት ብር የቤቱን ጣራ ለመቀየር አይበቃም ነበር። ቀበሌው ለማደስ ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩ ደግሞ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ ለማደስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቤቱ እያረጀ ሄደ። ተከራዩም ለቤቱ እንደ ባለቤት ሆነ፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ በጓሮ አንዲት ክፍል ትቀጠላለች፣ ልጅ ሲያገባ በመጋረጃ ይከፈላል። በጽሑፍ የመንግሥት፣ በኑሮ የቤተ ሰቡ ነበር።

በዚህ ዘመን በአንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ የነበረው ኑሮ ዝርዝሩ ሊታይ የሚገባው ነው። አምስት ወይም ስድስት አባወራ አንድ ግቢ ይጋራል። አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ ወይም ሁለት ማድ ቤት አላቸው። የውኃውንና የመብራቱን ሒሳብ እንደ ቤተ ሰቡ ብዛት ይካፈሉታል፤ በዚህም ብዙ ጠብ ይነሣል። በርበሬ የሚሰጣው፣ ጌሾ የሚወቀጠው፣ ለፋሲካ ቅርጫው የሚታረደው፣ ለለቅሶ ድንኳኑ የሚተከለው በዚያው ግቢ ነው። ግቢው በሕግ የመንግሥት ቢሆንም፣ ማለዳ ማን እንደሚጠርገው ግን እያንዳንዱ ነዋሪ ያውቃል። ተራዋን ያላደረገች ሴት በቡና ሰዓት ትወቀሳለች። ይህ ሥርዓት የተጻፈበት ወረቀት አልነበረም።

እዚህ ላይ የቀድሞውን ኑሮ ያለ ልክ እናወድሳለን እንዳይባል አንድ ነገር እንጨምር። በወንዙ አፋፍ የነበሩት መጸዳጃ ቤቶች ብዙዎቹ ወደ ወንዙ የሚፈስሱ ነበሩ። ክረምት በመጣ ቁጥር የአፋፉ ቤት ያለ ሥጋት አያድርም ነበር። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስምንት ነፍስ ሲያድር ግቢውን መጋራት ከፍቅር ይልቅ ከችግር የመጣ ነው ቢባል መልስ የለንም።

አሁን ወደ ጋራ ሕንፃው እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን በአንቀጽ 40 አጽንቶ፣ በመሬቱ ላይ የሚሠራ ንብረት ግን የግል ሊሆን እንደሚችል ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ወጣ። ከዚያም የከተማው አስተዳደር በገርጂ ከተደረገው ሙከራ በኋላ ሰፊውን የቤቶች ልማት ፕሮግራም ጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበው የአዲስ አበባ ነዋሪ ከ450 ሺህ በላይ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ሲከፈት የተመዝጋቢው ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። በመላው አገሪቱ 400 ሺህ ቤቶች ለመሥራት ታቅዶ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ዓ.ም. የተሠራው 171 ሺህ ያህል መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ገልጿል።

ዐይነተኛው ሕንፃ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያለው፣ መውጫውም ደረጃ ብቻ የሆነ ነው። ብሎኬቱን፣ በርና መስኮቱን ያመረቱት አብዛኛውን ጊዜ በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። በመንገድ ዳር ያለው ምድር ቤት ለሱቅ ተብሎ በጨረታ በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ በዚህም ገንዘብ የመኖሪያው ዋጋ እንዲቃለል ታስቦ ነበር። መኖሪያው ግን በዕጣ ይታደላል። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች የተለየ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው በ20/80 ፕሮግራም የዋጋውን 20 በመቶ ራሱ ከፍሎ፣ የቀረውን 80 በመቶ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያበድረዋል። በኋላ 10/90 እና 40/60 የሚባሉት ተጨመሩ። ሃያውን በመቶ ለማሟላት ስንቱ ዕቁብ እንደ ተጣለ፣ ስንቷ እናት ወርቋን እንደ ሸጠች የሚቆጥር መዝገብ አልተገኘም እንጂ ቢገኝ ለታሪካችን እጅግ በጠቀመ ነበር።

እንግዲህ በግንፍሌ በሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ባለሁለት መኝታ ቤት የደረሳትን ሴት እናስብ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቤቱ ሃያ እጁ በገንዘቧ፣ ሰማንያ እጁ በባንኩ ብድር የተገዛ ነው፤ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ የባንኩ መያዣ ነው። ዕጣው በወጣ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዳትሸጠው ተከልክላለች። ደረጃው፣ ጣራው፣ የውኃው ታንከር፣ ግቢው በአዋጁ መሠረት የሁሉም ባለቤቶች የማይነጣጠል የጋራ ሀብት ነው፤ እርሷም ድርሻዋን ከቤቷ ለይታ ልትሸጥ አትችልም። ይህንንም የሚያስተዳድረው የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ያም ሆነ ይህ ቁልፉ በእጇ ነው፤ በአያቷ ዘመን ጎጆዋን በጌታው ተዳፋት ላይ የቀለሰችው ሴት ያላገኘችውን ጽሑፍ አግኝታለች። ይህን ዝቅ አድርገን የምናይ አይደለንም። ባለርስት ሊያስነሣት አይችልም፤ ለልጅዋም ታወርሰዋለች።

ችግሩ የሚጀምረው ወርኃዊው ክፍያ ከደመወዟ ሲበልጥ ነው። ይህም የጥቂቶች ዕጣ አይደለም። ብዙ ባለዕድሎች ቤቱን ለሌላ አከራይተው፣ በኪራዩ የባንኩን ዕዳ እየከፈሉ፣ እነርሱ ራሳቸው ርካሽ ቤት ወደሚገኝበት ወደ ከተማው ጫፍ ተከራይተው ሄደዋል፤ ወይም ከዘመድ ተጠግተዋል። የቤቱ ባለቤት በአንድ ሰፈር ተከራይ፣ በሌላ ሰፈር አከራይ ሆኖ ተገኘ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሊሽረው የተነሣው በባለቤትና በነዋሪ መካከል የነበረው መለያየት፣ በዕጣ በኩል ዞሮ ተመለሰ ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ የቀድሞው አከራይ ባለጸጋ ነበር፣ የዛሬው አከራይ አብዛኛውን ጊዜ ከተከራዩ የሚደኸይ ሰው ነው።

በአዋጁ መሠረት የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው። ነዋሪው ተከራይ ከሆነ ድምፅ የለውም። ስለዚህ የደረጃው አምፖል ሲቃጠል የሚጨልምበት አንድ፣ አምፖል ይገዛ ብሎ የሚወስነው ሌላ ነው። ባለቤቱ በሌላ ሰፈር ስለሚኖር ለስብሰባ አይመጣም፤ ስብሰባው ሳይሟላ ይበተናል። የዘበኛው ደመወዝ፣ የቆሻሻው ማውጫ፣ የተሰበረው የፍሳሽ ቧንቧ ለሚቀጥለው እሑድ ይተላለፋል። በቀበሌው ግቢ የማንም ያልሆነውን ሁሉም ይጠርገው ነበር፤ በጋራ ሕንፃው የሁሉም የሆነውን የሚጠርግ ሰው ይፈለጋል። ጥፋቱ የነዋሪው ጠባይ አይመስለንም። በቀበሌው ግቢ ተራዋን ያላደረገችውን የምትወቅሰው ጎረቤት ነገም እዚያው ናት፤ በኪራይ ቤት ግን ጎረቤቱ በየዓመቱ ይለወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚያስረዳው ግን የጋራ መገልገያው ቤት ታሪክ ነው። የፕሮግራሙ መሐንዲሶች የአገሩን ኑሮ ሳያጠኑ ቀሩ ማለት አይቻልም። ፎቅ ላይ በግ አይታረድም፤ በሦስተኛ ፎቅ በእንጨት እንጀራ ቢጋገር ጢሱ ለአራተኛው ነው፤ በአንዲት ሳሎን ድንኳን አይተከልም። ይህን አስበው ለጥቂት ሕንፃዎች አንድ እየሆነ በምድር ላይ የጋራ ቤት ሠሩ፤ ለማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለሰርግና ለለቅሶ የሚሆን። በዓለም ላይ ብዙ የሠራተኛ መኖሪያ ሕንፃ አለ፤ ለቅርጫ ክፍል ተለይቶ የተሠራለት ግን ስንት ይሆን? ይህ የቀበሌው ግቢ በብሎኬት ተሠርቶ እንደገና መምጣቱ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? በብዙ ሥፍራ ያ ቤት ተዘግቶ ይገኛል፤ ወይም ማኅበሩ ገንዘብ ሲያጣ ለሱቅ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለዕቃ ማስቀመጫ አከራይቶታል። ምክንያቱ ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው እንጨት ይዞ ወደ ታች አይወርድም። ለማረጃው ውኃ ማን ይክፈል፣ ደሙን ማን ይጠብ የሚለው አልተወሰነም ነበር። ማኅበሩም ተጠያቂነቱ ለባለቤቶች ስለ ሆነ፣ ባለቤቶቹም ርቀው ስለሚኖሩ፣ ለእነርሱ የሚሻለው የኪራዩ ገቢ ነው እንጂ የማያርዱበት ማረጃ አይደለም። የፋሲካ ማለዳ ወደ ግቢው ለገባ ሰው ግን ቅርጫው አልቀረም፤ ከተዘጋው ቤት ፊት ለፊት፣ በመኪና ማቆሚያው ላይ ላስቲክ ተነጥፎ፣ ሥጋው በእኩል መደብ ይደረደራል። የጋራ የሆነው ነገር በተሠራለት ቤት ሳይሆን በራሱ ቦታ በቅሏል።

ዛፉም እንዲሁ ነው። የግቢው ዛፍ የማይነጣጠል የጋራ ሀብት ነው። መኪና ያለው ማቆሚያ እንዲሰፋ ይፈልጋል፤ በምድር ቤት የሚኖረው ጨለመብኝ ይላል፤ ልጅ ያላት እናት ጥላውን ትፈልገዋለች። በቀድሞ ዘመን ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው መቼ እንደሚቆርጠው ያውቅ ነበር። እዚህ ግን የቆረጠውም፣ እንዳይቆረጥ የተከራከረውም እኩል መብት ያለው በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ምሣር ያለው ነው።

ወንዙስ? በከተማይቱ መጀመሪያ የማንም ያልነበረው አፋፍ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማንም ሳይሆን ቆየ። የጋራ ሕንፃው በር ወደ መንገድ፣ ጀርባው ወደ ወንዙ ነው፤ የአጥሩም ግንብ ወንዙን ይሸፍነዋል። የፍሳሽ መሥመር በተበላሸ ቁጥር የሚቀበለው ወንዙ ነው። ይህ ሁኔታ በ2011 ዓ.ም. መለወጥ ጀመረ። በዚያ ዓመት «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው የወንዝ ዳርቻ ልማት ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ 29 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ ሆኖ ተነገረ። ለዚሁ ሥራ በግንቦት ወር «ገበታ ለሸገር» የተባለ ግብዣ ተደርጎ ለአንድ ሰው ማዕድ 5 ሚሊዮን ብር ተከፈለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ ብዙ አሮጌ ሰፈሮችና የወንዝ አፋፎች ተነሥተው፣ በቦታቸው የእግር መንገድ፣ ሣርና መብራት ገባ። በ2017 ዓ.ም. ከተማው የወንዞችን ብክለት ለመከላከል ደንብ አውጥቶ ቆሻሻ በሚለቅ ላይ ከባድ ቅጣት ጣለ።

ወንዙ ባለቤት ማግኘቱ ደግ ነገር ነው፤ ውኃው ሲጠራ የማይደሰት የለም። ነገር ግን ባለቤት ባጣበት ዘመን ተጠግቶት የኖረውን ሕዝብ ታሪክ ሊዘነጋው አይገባም። ከአፋፉ የተነሣ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ያለ ዕጣ የጋራ ሕንፃ ቤት የመግዛት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት የማግኘት ምርጫ ይሰጠዋል። ቅድሚያ ክፍያው የሌለው ሰው ምርጫው አንድ ብቻ ይሆናል። የገዛውም ቢሆን አዲሱ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ በከተማው ዳርቻ ስለ ሆነ፣ ጉልት ትሸጥ የነበረች ሴት ደንበኞቿን፣ ልብስ ታጥብ የነበረችውም ቤቶቿን ታጣለች። የግቢው ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሕንፃ ስለማይገባ፣ ያልተጻፈው ሥርዓት አብሮ ሊዛወር አልቻለም።

ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ብለን ለመጻፍ ያስቸገረን አንድ ነገር አለ። ይኸውም ዕድር ነው። በጋራ ሕንፃዎቹ ሰዎች ከገቡ ጥቂት ዓመት ሳይሞላ በየግቢው አዳዲስ ዕድሮች ተቋቁመዋል። ሁለቱን መዝገቦች፣ የማኅበሩንና የዕድሩን፣ ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያስተውላል። በማኅበሩ መዝገብ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ነው፤ ባለቤቱም በግቢው የማይታወቅ ሊሆን ይችላል። በዕድሩ መዝገብ የሚጻፈው በቤቱ የሚያድረው ሰው ነው፤ ባለቤት ይሁን ተከራይ የሚጠይቀው የለም፤ ወርኃዊ መዋጮውን ይክፈል እንጂ። ሲወጣ ይሰረዛል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ሌላ ሰፈር ከሄደ በኋላ መዋጮውን እየላከ አባልነቱን ይቀጥላል።

በእነዚህ ሕንፃዎች ሊፍት የለም፤ ደረጃውም ጠባብ ነው፤ በመጠምዘዣው ላይ ሬሳ ሣጥን ለማዞር አራት ሰው አይበቃም። ከአራተኛ ፎቅ አስከሬን ሲወርድ ከላይ የሚይዙት፣ ከታች የሚቀበሉት፣ በየመዞሪያው ቆመው «ቀስ፣ ወደ ግድግዳው» የሚሉት የዕድሩ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ስለዚያ ደረጃ በማኅበሩ ስብሰባ ድምፅ የላቸውም።